አባቴን ይቅር ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስት እንዳልናገር አላገባሁም፤ ለወንድም እንዳልናገር እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም፤ ለጓደኛ እንዳልናገር ደግሞ አሁን ያሉኝ ጓደኞች የአባቴ ጓደኞች ናቸው፣ ለእነሱ ከምነግር መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል። የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ የማላውቅህ አንባቢ። ጭሮ መጥተህ "የፍራሽ አዳሹ የአብዶሽ ልጅ፣ ጀማል፣ የት ነው?" ብትል ከአስፋልቱ ጀምሮ እጅህን ይዘው ያመጡሃል። እግረ መንገዳቸውንም "ምስኪን ነው፤ ከሥራ አባረውት ነው የመጣው፤ አባቱም እሱን ሲያስብ ነው የሞተው" ይሉሃል። አባቴ እኔን ሲያስብ መሞቱ እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው፤ ሲወራ እየሰማሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

እኔ ምስኪን አይደለሁም። አዲስ አበባ፣ አንድ የውጭ ኩባንያ ውስጥ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ደመወዜም በዶላር ነበር። በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሳልሠራ እስክሞት የሚያኖረኝን ይዤ፣ በገዛ ፈቃዴ ሥራ ተውኩ። ማንም አላባረረኝም። እንዲያውም አትሂድ ብለው ለምነውኛል። ለአባቴ መንገር የነበረብኝ ይህንን ብቻ ነበር። አልነገርኩትም።

አባቴ አብዶሽ ፍራሽ አዳሽ ነበር። አገራችንን የምታውቅ ከሆነ ከምሳ በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ እንደሚሰበሰብ ታውቃለህ፤ ለዚያ ደግሞ ዙሪያውን የጥጥ ፍራሽ የተነጠፈበት፣ የሚደገፉት ትራስ ያለበት ክፍል ያስፈልጋል። ጥጥ ሲሰነብት ይጠቀጠቃል፣ ይጓጉላል። ያን ጊዜ አባቴ ይጠራል። ሽፋኑን ይተረትራል፣ ጥጡን ግቢ አውጥቶ በሁለት ቀጫጭን ዱላዎች እየደበደበ ያፍታታዋል፣ መልሶ ይሞላዋል፣ በረጅሙ መርፌ ይሰፋዋል። ጭሮ ከሰዓት በኋላ የምትጋደምበትን ሁሉ የሠራው እሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እሱ ራሱ ሲጋደም ግን አላየሁትም። "ፍራሽ ሳይ ስፌቱ ነው የሚታየኝ፤ በየት በኩል ልተኛ?" ይል ነበር እየሳቀ። ስፖንጅ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዘቀዘበት፣ እሱ ግን ስፖንጅ የሚለውን ቃል እንኳ ሲናገር አፉን ያጣምም ነበር።

ለእሱ ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም። ፍራሽ አዳሽን የሚጦረው ልጁ ነው።

እኔ ደግሞ ጡረታን ያወቅኩት ከኢንተርኔት ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራ ትተው ሕይወታቸውን ስለሚያጣጥሙ ሰዎች አነበብኩና ልቤ ተሰረቀ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ብዙ አግኝ፣ ጥቂት ብላ፣ የቀረውን እንዳትነካው። ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በአንድ ጃኬት ሰባት ክረምት አሳለፍኩ። ሰርግ ስጠራ ያመኝ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ለምሳ ሲወጡ ጠግቤ ነበር። ስስታም ነህ ቢሉኝ አልቀየምም፣ ምክንያቱም እነሱ የማያውቁት ዕቅድ ነበረኝ። ሌላው ሰው ስልሳ ዓመቱን የሚጠብቅለትን ዕረፍት እኔ በአርባዬ ልወስደው ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ቁጭ ብዬ የወደፊቷን ነፃ ጠዋት ሳስብ ከንጉሥ በላይ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ሰሞን አባቴ ስልክ ደወለ። "ደመወዙ እንዴት ነው ያ ኢልማኮ? ያኖራል?" አለኝ። ያ ኢልማኮ በኦሮምኛ ልጄ ሆይ ማለት ነው፤ ሲያቆላምጠኝ አማርኛው ይጠፋበታል። "ለነፍስ ያህል ነው አባ" አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? አባቴን አውቀዋለሁ። እውነቱን ብነግረው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ሲሄድ መስጊድ በር ላይ ያወራዋል። ከዚያ ከሚኤሶ እስከ በደሳ ያለ ዘመድ ሁሉ ስልኬን ያገኛል፤ ሰርግ አለ፣ የታመመ አለ፣ ጣሪያው የተነቀለበት አለ። ዕቅዴ ይፈርሳል። እና ዋሸሁ። ትንሽ ውሸት ነበረች፤ አባቴን የምትጎዳ አልመሰለችኝም። በየወሩ ጥቂት እልክለት ነበር፣ እሱም ከዚያችው ከጥቂቷ ቆጥቤ የምልክለት እየመሰለው በስልክ ይመርቀኛል። ምርቃቱንም በውሸት ወሰድኩት።

ከዚያ ጆንያው መምጣት ጀመረ። በወር በወር አውቶቡስ ተራ ሄጄ ከሾፌር እጅ እቀበለዋለሁ፤ የማሽላ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ በጠርሙስ ቅቤ፣ አፉ በአባቴ ስፌት የተሰፋ። ሌላው ጆንያ ሁሉ በገመድ ነው የሚታሰረው። የእኔን በረጅሙ መርፌ፣ እንደ ፍራሽ ጠርዝ አድርጎ ነበር የሚሰፋው። የደሀ ልጁን ቀለብ መንገድ ላይ እንዳይነኩበት። አንድ ዓመት የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ጨመረ ሲባል ሰምቶ ሚኤሶ ዘመድ ዘንድ ያረባቸው የነበሩ ሁለት ፍየሎቹን ሸጦ ላከልኝ። ተቀበልኩት። ከሌላው ጋር ቀላቅዬ አስቀመጥኩት። አሁን ዞር ብዬ ሳየው አንድ ነገር ይገርመኛል፤ በዚያ ቀን እራቴን በልቼ ተኝቻለሁ።

ቀኑ ደረሰና ሥራዬን ተውኩ። ወደ ጭሮ የመጣሁት የሕልሜን ኑሮ ልኖር ነበር፤ ጠዋት የአባቴን ጨዋታ እየሰማሁ፣ ከሰዓት መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ማንም የማይቆጣጠረኝ ሰው ሆኜ። "አባ፣ ሥራ ትቼ መጣሁ" አልኩት በሩ ላይ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ። ሻንጣዬን አየ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አይዞህ፣ ትተህ ይሁን አስትተውህ፣ ቤትህ ነው የመጣኸው። የሰው ልጅ ሪዝቁ፣ እንጀራው፣ ሰው እጅ አይደለም" አለኝ። እንደተባረርኩ ገባው፤ እኔም ገባኝ እንደገባው። "አይደለም አባ" ማለት ስንት ሰከንድ ይወስዳል? ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ። በምን ልትኖር? ይለኛል። እነግረዋለሁ። ታዲያ ጆንያው? ታዲያ ፍየሎቹ? ሀብታም ነኝ ማለት ሌባ ነኝ ማለት ሆነብኝ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ገባሁ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ማለፍ የለብኝም። ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት ሐኪም የጥጡ ብናኝ ሳንባውን እየጎዳው እንደሆነ ነግሮት አባቴ ሥራ አቁሞ ነበር። ሁለቱን ዱላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ በላይ ሰቅሏቸው ነበር። ይህን አውቅ ነበር። በመጣሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ጨርቁ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

"ቁጭ ብዬ እግሬ ደነዘዘ፤ ለማፍታታት ያህል ነው" አለኝ ሲመለስ፣ ቅንድቡ በጥጥ ነጭ ሆኖ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግን ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት። ከሟች እናቴ ጋር አብረው ያረጁ፣ በየዓመቱ አሰቦት ገዳም የሚሳለሙ ሴት ናቸው። አጥር ላይ ተደግፈው "ስማ ጀማል፣ አባትህ እግሬ ደነዘዘ የሚልህ አንተ እንዳታፍር ነው። እኔም አሰቦት ለሥላሴ ስለት ተስያለሁ፣ ሥራ ካገኘህ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። አየህ፣ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። በአማርኛ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በስሜ ተጠርቼ ተነግሮኛል።

እና ግን፣ ይህን ስጽፍ የሚያስለቅሰኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ስምንት ወራት የሕይወቴ ጣፋጭ ወራት ነበሩ። ጠዋት በረንዳው ላይ ሆጃ እንጠጣለን፤ በወተት የተፈላ የቡና ገለባ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። አባቴ የሰውን ገበና የሚያውቀው ከፍራሹ ነው። "እከሌና ሚስቱ ታርቀዋል፣ ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ተጠቅጥቋል" ይለኝና ሆጃው እስኪደፋ እንስቃለን። ከዚያ እሱ ዱላዎቹን፣ እኔ መጽሐፌን ይዘን እንወጣለን። የተጠራበት ቤት ግቢ አንድ ጥላ አላጣም፤ እዚያ ቁጭ እላለሁ። ዱላዎቹ በየተራ ሲያርፉ ይሰማኛል፣ ጧ ጧ፣ ጧ ጧ፤ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ይወስደኝ የነበረው በዚያ ድምፅ ነው። ጥጡ ብን እያለ ፀሐይ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይና እንዴት ያምራል እላለሁ። ሕይወትን ማጣጣም ማለት ይሄ ነው እላለሁ። ለዚህ ነው የቆጠብኩት እላለሁ።

የማጣጥመው የአባቴን ሳንባ ነበር።

አንዴ ቦርደዴ ተጠራ። አንድ አልጋ ቤት ፍራሾቹን ሊያሳድስ ፈልጎ ነው። ቆላው ያቃጥላል፤ ሁለት ቀን ከሠራ በኋላ በሚኒባስ ተመለስን። ሚኤሶ ላይ ወርደን የግመል ወተት ጠጣን፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ዞር ዞር አልን፤ ወጣት ሆኖ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበትን ቦታ አሳየኝ። "የዝናብ ሽታ ነበር ያየኋት ዕለት" አለ፣ አሸዋውን በእግሩ እየነካካ። በዚያ ቀን እንደዚያ የምወደው ሰው ዓለም ላይ አልነበረም። መኪናው ዳገቱን ይዞ ወደ ጭሮ መውጣት ሲጀምር አባቴ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው ማዋራት ጀመረ። ነጋዴ መሆኑን ሲያውቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ሰማሁት።

"ልጄ ነው። ብዙ ተምሯል ወላሂ፣ ግን ዕድል አልቀናውም። እናንተ ዘንድ ጻፍ ጻፍ የሚያደርግ ሰው ብትፈልጉ... ጥሩ ልጅ ነው፣ ሱስ የለበትም።"

ሰውየው አየኝ። እኔ በመስኮቱ ገደሉን አየሁ። በዚያች ቅጽበት የነጋዴውን ሱቅ ከነዕቃው መግዛት እችል ነበር። አባቴ ስለኔ ሲለምን፣ እኔ ገደሉን አየሁ። እውነቱን ልንገርህና ትንሽም ኮራሁ፤ ማንም የማያውቀው ነገር አለኝ ብዬ። ይህን ነው ከሁሉ በላይ የምጸየፈው። መፍራት የሰው ነው። ያ ኩራት ግን ምን ነበር?

ክረምት ገባ፣ ሳሉ በረታ። ሆስፒታል አስገባሁት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መድኃኒት አስመጣሁለት። "ከየት አምጥተህ ነው?" ሲለኝ "ጓደኞቼ አዋጥተው ነው" አልኩት። አልጋው ላይ ሆኖ ለሌሉ ጓደኞቼ ዱዓ አደረገላቸው። ሐኪሙ አቧራው ሥራውን ጨርሷል አለኝ፤ ወደ ቤት መለስኩት።

አሁን ወደ ቀኑ ደረስኩ።

እኛ ዘንድ ሰው ሞቱ የቀረበ ሲመስለው አብረውት የኖሩትን ያስጠራል። "አፉ በሉኝ" ይላቸዋል፣ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የተጠራው ሰው የሚመልሰው ሁለት ነገር ነው፤ "አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ።" ሁለቱም አብረው ነው የሚባሉት፤ አንዱን ብቻ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አባቴም አስጠራ። ጠዋት ነበር፣ ዝናቡ አባርቶ። የፍራሽ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ገቡ። የኃጢአቱ ዝርዝር ምን እንደነበር ታውቃለህ? የአንዱን ትራስ ስፌት ለአርብ እደርስልሃለሁ ብሎ ቅዳሜ ማድረሱ። ለሌላው ከአዲሱ ጥጥ መሃል አሮጌ ቀላቅሎ እንደሆነ መጠራጠሩ። የቀድሞ ደንበኛው ሐጂ ኡመር እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ "አፉ ብዬሃለሁ አብዶሽ፤ እኔንም ስፖንጅ ገዝቼ ላሳዘንኩህ አፉ በለኝ" አሉ። አባቴ በዚያ ሁኔታው ላይ ሆኖ ሳቀ። "እሱ እንኳ ከባድ ነው ሐጂ" አለ። ከዚያ እጃቸውን ይዞ "ጀማልን አማና" አላቸው፣ አደራ ማለቱ ነው። "ሥራ የለውም። ዱላዎቹን እሰጠዋለሁ፤ እናንተ ሥራ ስጡት።" ሐጂ ኡመር ቃል ገቡ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሐጂ ኡመር ብቻ ጥግ ላይ ቀሩ። አባቴ ወደኔ ዞረ።

"ያ ኢልማኮ፣ አፉ በለኝ" አለ። "ወደ ትልቅ ቦታ የሚያስገባህ ሰው አላውቅም ነበር። ገንዘብ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ያስተማርኩህም አጉል ሆኖ ቀረ። የሌላው አባት ለልጁ ያደረገውን አላደረግኩልህም። አፉ በለኝ።"

እኔ፣ ጀማል፣ አሥራ ስምንት ዓመት የዋሸሁት ልጁ፣ ስፌት ፈትቼ ዱቄቱን የበላሁ፣ ፍየሎቹን የወሰድኩ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሲያስል የሰማሁ፣ አባቴን ይቅር አልኩት።

"አፉ ብዬሃለሁ አባ" አልኩ።

ሁለተኛውን ዋጥኩት። "አንተም አፉ በለኝ" ብለው "ለምኑ?" ሊለኝ ነው ብዬ። እየሞተ ያለ ሰው ጥያቄ ፈርቼ። ወይም፣ አሁን አሁን እንደማስበው፣ ይቅር እንዳይለኝ ፈርቼ ሳይሆን ወዲያው ይቅር እንዲለኝ ፈርቼ። አባቴ አላፈጠጠብኝም። ግን እጄን እንደያዘ ትንሽ ቆየ፣ ዓይኑ ከፊቴ ሳይነሳ፣ ቀሪውን እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ዙሁር ሳይደርስ ሞተ።

ሐጂ ኡመር ሁለተኛውን ሳልል መቅረቴን ሰምተዋል። ለሰው ሁሉ "ልጁን ሐዘን አንደበቱን ያዘው" ብለው ነገሩልኝ። እስካሁን እንደዚያ ነው የሚታመነው።

አሁን የምኖረው እንደዚህ ነው። ያጠራቀምኩት ባለበት አለ፤ ሰባት ጡረተኛ ያኖራል። ጠዋት ሆጃዬን ብቻዬን አፈላለሁ፣ አልጣፍጥ ይለኛል፣ ጨው ጨምሬ እጠጣዋለሁ። እትዬ ዘነበች ጃንጥላውን እስካሁን አላስገቡም፤ "ይደርሳል፣ ሥላሴ አይረሱም" ይሉኛል። ሐጂ ኡመርም አማናቸውን አልረሱም። ቤታቸው ውስጥ ያማረ የስፖንጅ መጅሊስ፣ ዙሪያውን የሚጋደሙበት መቀመጫ፣ አላቸው፤ ግን ሁለት የድሮ የጥጥ ፍራሾች ከየት እንደሆነ እንጃ አስፈልገው ገዙና በየሁለት ወሩ በጋሪ አስጭነው ይልኩልኛል፣ "ጥጡ ጓጉሏል፣ አድስልኝ" ብለው። ሽፋኑን ስተረትረው ጥጡ ባለፈው እንዳፍታታሁት ነው። ማንም አልተኛበትም። ምጽዋት መሆኑን እንዳላውቅ ብለው ነው፤ እኔም እንዳላወቅኩ ሆኜ የአባቴን ዱላዎች አንስቼ የተፍታታውን ጥጥ እንደገና እደበድበዋለሁ፣ እሰፋዋለሁ፣ ሲከፍሉኝ በሁለት እጄ እቀበላለሁ። እምቢ ብል እውነቱን መናገር አለብኝ። ይኸው እስከዛሬ ከደሀ በላይ እየለመንኩ እኖራለሁ።

ነገ ተነስቼ ሁሉንም ብነግራቸው ይቅር ይሉኛል። እርግጠኛ ነኝ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን እመኘዋለሁ፣ ደግሞም እንዳይመጣ እጸልያለሁ። የሰውን ሐቅ ይቅር ማለት የሚችለው የተበደለው ሰው ራሱ ነው፤ ባለሐቁ ደግሞ መስጊዱ ጀርባ ተኝቷል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጋደም ኖሮ። ስለዚህ አንተም አንብበህ ስትጨርስ፣ ደግ ሰው ሆነህ ብታዝንልኝ እንኳ፣ አፉ ብዬሃለሁ እንዳትለኝ። ይህን ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር። እጄን ይዞ ጠብቆኝ ነበር።